በኦውራ ደጃፍ የቆሙት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የማወጋችሁ ነገር ረጅም ነው፤ አገሩም ሩቅ፣ ከስንት ባሕር ማዶ ያለው ጃፓን ነው። ዓመተ ምሕረት ስጠራ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር እንደሆነ አስቀድሜ ልንገራችሁና ወደ ነገሬ ልግባ።

በጃፓን ደቡብ ምዕራብ ኪዩሹ የምትባል ትልቅ ደሴት አለች። በዚች ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ባሕሩ በተራሮች መካከል ጠልቆ በገባበት ሥፍራ፣ የናጋሳኪ ከተማ ተቀምጣለች። ተራሮቹ ከውሃው አፍ ተነሥተው ሽቅብ ይወጣሉ፤ ቤቶቹም በተዳፋቱ ላይ አንዱ ከሌላው ራስጌ ሆነው ተደርድረዋል። ዝናቧ ብዙ ነው፤ የሙቀቱ ወራት ወደ ማለቁ ሲልም ታይፎን የሚሉት ዐውሎ ነፋስ ከደቡብ ባሕር ተነሥቶ ይመጣና ጣራ እየገለበጠ፣ ዛፍ እየነቀለ ያልፋል። ከወደቡ በስተደቡብ ባለ አንድ ኮረብታ ላይ፣ በድንጋይ ደረጃ የሚወጣበት፣ ግንባሩ ነጭ የሆነ ቤተ ክርስቲያን አለ። ስሙ ኦውራ ይባላል፤ የካቶሊኮች ነው። ዛሬ በጃፓን ምድር ቆመው ከሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት በዕድሜ የሚቀድመው የለም። ነገር ግን ታሪኩን ከግንቡ ብጀምርላችሁ አይገባችሁም፤ መሠረቱ ከመጣሉ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ልነሣ።

በ1549፣ ኦገስት 15 ቀን፣ በካቶሊኮች ዘንድ የእመቤታችን ዕርገት በሚከበርበት ዕለት፣ ፍራንሲስ ዣቪየር የተባሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ከህንድ ተነሥተው፣ በማላካ አድርገው፣ በቻይና ጀልባ ባሕሩን ተሻግረው፣ በኪዩሹ ደቡብ ካጎሺማ ላይ ወረዱ። መንገድ የመራቸው አንጂሮ የሚባል ጃፓናዊ ነበር፤ እርሱም ከአገሩ ሸሽቶ ወጥቶ በጎዋ የተጠመቀ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ሌሎች ካህናት ተከተሉ፣ ገበሬው ተጠመቀ፣ ዓሣ አጥማጁም ተጠመቀ፣ በ1563 ደግሞ ኦሙራ ሱሚታዳ የተባለው መስፍን ከመሳፍንት ሁሉ ቀድሞ ተጠመቀ። ናጋሳኪን ለፖርቱጋል መርከቦች የከፈተው እርሱ ነው፤ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር የነበረችውም በጥቂት ዓመት ውስጥ ደወል የሚደወልባት የክርስቲያን ከተማ ሆነች።

እንዲህ እያለ ጃፓንን ከእርስ በርስ ጦርነት አውጥቶ አንድ ያደረገው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ነገሩን ጠረጠረው። ካህናቱ ከፊት መጥተው ወታደሩ ከኋላ ይከተላል ብሎ ፈራ። በ1587 ካህናቱ እንዲወጡ ዐዋጅ አወጣ፤ ጥቂት ዓመት በቸልታ አለፈና በ1596 መጨረሻ ቁጣው ገነፈለ፤ በኪዮቶና በኦሳካ 24 ክርስቲያኖችን አስያዘ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ መንገዳቸው ሊነገር ይገባዋልና።

ጥር ወር ነው፤ የጃፓን ጥር በረዶ ይጥላል። እስረኞቹን በኪዮቶ አደባባይ አቁመው የያንዳንዳቸውን ግራ ጆሮ ቆረጡ፤ በጋሪ ጭነው በከተማው አዞሩአቸው፤ ከዚያም እስከ ናጋሳኪ ድረስ እንዲነዱ ታዘዘ። ናጋሳኪን የመረጡት ክርስቲያን የሚበዛባት ከተማ ስለሆነች ነው፤ አይታ እንድትፈራ። ጉዞው አንድ ወር ያህል ፈጀ፤ በተራራ አለፉ፣ በባሕር ዳር አለፉ፣ በየከተማው ሕዝብ ወጥቶ ተመለከታቸው፤ በመንገድ ላይ ስንቅ እያቀበሉ ይከተሉአቸው የነበሩ ሁለት ሰዎች ተጨመሩና 26 ሆኑ። ከመካከላቸው ስድስቱ ከውጭ የመጡ የፍራንቸስካውያን ማኅበር አባላት ናቸው፤ የቀሩት ሃያዎቹ የአገሩ ተወላጆች ናቸው፤ አናጺ አለ፣ ምግብ አብሳይ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ልጆችም አሉ። ቶማስ ኮዛኪ 14 ዓመቱ ነው፤ ከአባቱ ከሚካኤል ጋር ነው የሚሄደው። ሚሃራ በምትባል ከተማ ባደሩ ጊዜ ለእናቱ ደብዳቤ ጻፈ፤ ስለ እኔና ስለ አባቴ አትዘኚ፣ ታናናሾቼን አደራ የሚል ነው ቁም ነገሩ። አባትየው ደብዳቤውን በጉያው ያዘ፤ መላኪያ አላገኘም፤ ከሞቱ በኋላ ደም የነካው ወረቀት ከሥጋው ላይ ተገኘ። ከሁሉ ታናሹ ሉዊስ ኢባራኪ 12 ዓመቱ ነበር። የቅጣቱ አስፈጻሚ የነበረው ሹም ልጁን አይቶ አንጀቱ አልቻለም፤ እምነትህን ተውና ላድንህ አለው፤ ልጁ እንቢ አለ፤ ኮረብታው ላይ በደረሱ ጊዜም የእኔ መስቀል የትኛው ነው ብሎ ጠየቀና ሲያሳዩት ወደ መስቀሉ ሮጠ።

ኮረብታው ኒሺዛካ ይባላል፤ ወደቡን ቁልቁል ያያል። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1597 ሃያ ስድስቱም በመስቀል ላይ ታስረው በጦር ተወጉ። ከእነርሱ አንዱ ጳውሎስ ሚኪ የሰቀሉትን ይቅር ማለቱን ከመስቀሉ ላይ እየሰበከ ሞተ። ይህን ኮረብታ አደራ አትርሱት፤ ኦውራን የሠሩት ካህናት የቤተ ክርስቲያኑን ፊት ወደዚህ ኮረብታ ነው ያዞሩት።

ከሂዴዮሺ በኋላ የቶኩጋዋ ቤት ሥልጣን ያዘ። በዚያን ጊዜ የክርስቲያኑ ቁጥር 300,000 ደርሶ እንደነበር ይገመታል። በ1614 እምነቱ በመላው አገር ተከለከለ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ፈረሱ፤ ካህናቱ ተባረሩ፤ ተደብቀው የቀሩት እየተያዙ በእሳት፣ በፈላ ውሃ፣ በጉድጓድ ውስጥ ቁልቁል በመሰቀል አለቁ። በ1637 ሺማባራ ላይ በግብርና በስደት የተማረረ ገበሬ ተነሣና በማግሥቱ ዓመት ተጨፈጨፈ፤ ከዚያም በ1639 የፖርቱጋል መርከብ እንዳይመጣ ተደርጎ የአገሩ በር ተዘጋ። በ1644 በአገሩ የቀረው የመጨረሻው ካህን ማንሾ ኮኒሺ ተገደሉ።

በዚያው ዘመን ያው የኢየሱሳውያን ማኅበር በእኛም አገር ገብቶ ብዙ ደም የፈሰሰበት ጠብ እንደተነሣ፣ አፄ ፋሲልም በ1630ዎቹ ማኅበሩን ከአገር እንዳስወጡ ታውቃላችሁ። ነገር ግን ከእኛ አገር ሲወጡ ተዋሕዶ ከነካህናቷ፣ ከነታቦቷ፣ ከነመጻሕፍቷ ነበረች፤ ለጃፓን ምእመናን ግን የቀረላቸው የለም። የሚቀድስ የለም፤ የሚያናዝዝ የለም፤ የሚያቆርብ የለም፤ ቤተ ክርስቲያንም የለም። እንግዲህ የታሪኬ ልብ ይኸውላችሁ፤ ካህን የሌለው ሕዝብ ሁለት መቶ ዓመት ተሻግሮ እምነቱን እንዴት ያዘ?

እንዲህ ነው የያዘው። ከናጋሳኪ በስተሰሜን ባለችው በኡራካሚ መንደር፣ በሶቶሜ የባሕር ዳር መንደሮች፣ በጎቶ ደሴቶችም፣ ገበሬዎቹና ዓሣ አጥማጆቹ በምሥጢር ማኅበር አበጁ። አንዱን ሰው የቀን መቁጠሪያ ጠባቂ አደረጉት፤ በዓሉንና ጾሙን እየቆጠረ ያሳውቃል። አንዱን አጥማቂ አደረጉት፤ ሕፃን ሲወለድ በሌሊት ይጠራና በውሃ ያጠምቃል፤ የጥምቀቱንም ቃል ከአባቱ እንደተቀበለው ሳያዛንፍ ይላል። ሌላው መልእክተኛ ሆኖ ዛሬ በዓል ነው፣ ሥራ አይሠራም እያለ ከቤት ቤት ያደርሳል። ጸሎቱ በላቲንና በፖርቱጋልኛ ቃል የተቀላቀለ ነው፤ ትርጉሙ ከትውልድ ትውልድ እየደበዘዘ ቢሄድም ድምፁን ይዘው ለልጆቻቸው አስተላለፉት። የቀን መቁጠሪያውን የሰጣቸው ባስቲያን የተባለ ጃፓናዊ ሰባኪ ነው ይባላል፤ እርሱም ከመገደሉ በፊት፣ ሰባት ትውልድ ካለፈ በኋላ የሚያናዝዙአችሁ አባቶች በትልልቅ መርከብ ይመጣሉ ብሎ ተናግሮ ነበር። አያቶች ይህን ቃል ለልጅ ልጆቻቸው እየነገሩ ሞቱ።

በይፋ ሁሉም የቡድሃ ቤተ መቅደስ አባል ሆኖ መመዝገብ ነበረበት። ሰው ሲሞት የቡድሃ መነኩሴ መጥቶ ይደግማል፤ እነርሱ ደግሞ በጓዳ የራሳቸውን ጸሎት ያደርሳሉ። የእመቤታችንን ምስል በግልጽ ማቆም ስለማይቻል ካኖን የተባለችውን፣ የቡድሃ እምነት ሰዎች የርኅራኄ እናት የሚሏትን፣ ነጭ የሸክላ ምስል በቤታቸው አኖሩ፤ ልጅ የታቀፈች እንደሆነ ደግሞ ይበልጥ ወደዷት፤ በፊቷ ተንበርክከው የሚያስቡት ማርያምን ነበር። ቅዱስ ሥዕሉ በገዥዎቹም እጅ ገብቶ መከራ ሆኗል። ፉሚኤ የሚሉት ነገር ነበር፤ የክርስቶስ ወይም የማርያም ምስል መሬት ላይ ይቀመጥና በየዓመቱ መግቢያ ሰው ሁሉ በባዶ እግሩ እንዲረግጠው ይገደዳል፤ ያልረገጠ ክርስቲያን ነው፣ ይያዛል። በ1669 ሃጊዋራ ዩሳ የሚባል የናጋሳኪ ብረት አቅላጭ ለዚሁ ሥራ ሃያ የናስ ምስሎችን ሠራ። አብዛኞቹ ዛሬም ተጠብቀው አሉ፤ ከመረገጥ ብዛት የጌታ ፊት ለስልሶ ጠፍቷል። በኡራካሚ ሰዎቹ ረግጠው ይመጡና በር ዘግተው ንስሐ ይደግሙ ነበር። በዚያ ፈርዳችሁ አታልፉአቸው፤ በዚያች በለሰለሰች ናስ ላይ ያለፈው እግር ሁሉ ወደ ቤቱ የተመለሰው እያለቀሰ ነው።

ዓመታት ዓመታትን ተኩ። በ1853 የአሜሪካ የጦር መርከቦች መጥተው የተዘጋውን በር አንኳኩ፤ በ1858 ጃፓን ከአሜሪካ፣ ከፈረንሳይና ከሌሎችም ጋር ውል ተዋዋለች፤ ናጋሳኪ ለውጭ ነጋዴ ተከፈተች፤ የውጭ ሰዎችም በሰፈራቸው የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን እንዲሠሩ ተፈቀደ። ለጃፓናዊው ግን ክልከላው እንደጸና ነው። ከፓሪስ የውጭ ሐዋርያዊ ተልእኮ ማኅበር ሁለት ካህናት፣ አባ ሉዊ ፉሬና አባ በርናር ፕቲዣን፣ ተከታትለው መጡ። በ1862 ሮማ የኒሺዛካን 26 ሰማዕታት ቅዱሳን ብላ ስለነበር ቤተ ክርስቲያኑን በእነርሱ ስም ሊያንጹ ቆረጡ።

ግንበኛ ከየት ይምጣ? ከአማኩሳ ደሴቶች የመጡ ኮያማ ሂዴኖሺን የሚባሉ ዋና አናጺ ነበሩ፤ በዚያው ኮረብታ ላይ ግለቨር ለሚባለው ስኮትላንዳዊ ነጋዴ ቤት የሠሩ ናቸው። ጎቲክ የሚባለውን የአውሮጳ አሠራር በዐይናቸው አይተው አያውቁም። ካህናቱ ሥዕል እየሣሉ ያሳዩአቸዋል፣ ኮያማ ያዩትን በሚያውቁት ዕቃ ይለውጡታል፤ ድንጋይ በሚባልበት እንጨት አደረጉ፤ ከላይ የሚገናኙትን የጣራ ቅስቶች በእንጨት አጎበጡ፤ በቅስቶቹ መካከል ያለውንም ሆድ፣ በእኛ የጭቃ ቤት ማገር እንደሚታሰረው፣ በቀርከሃ ስንጥቅ አስረው በጃፓን የኖራ ልስን ለሰኑት። ከታች ቆሞ ሽቅብ ያየ ሰው የፈረንሳይን ደብር ያያል፤ ያን ጣራ የያዘው ግን ቀርከሃና የአማኩሳ አናጺ እጅ ነው። እኔ ከዚህ ቤት ጌጥ ሁሉ ይህን ጣራ አስበልጣለሁ።

ሥራው በ1864 መጨረሻ አለቀ፤ በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1865 ተባረከ። ያኔ ሦስት ማማ ነበረው፤ በግንባሩ ላይ የሰማይ ጌታ ቤት የሚል ጽሕፈት በአገሩ ፊደል በትልቁ ተጻፈበት፤ ለውጭ ሰው ብቻ የተፈቀደ ቤት ሆኖ ሳለ የአገሩ ሰው እንዲያነበው ታስቦ ነው። ከመሠዊያው በስተቀኝ ባለው ትንሽ መንበር ላይ ከፈረንሳይ የመጣ የእመቤታችን ምስል አቆሙ፤ ልጇን ታቅፋለች። ሕዝቡ የፈረንሳይ ቤተ መቅደስ እያለ ሊያየው ይጎርፍ ጀመር። አባ ፕቲዣን ከሚመጡት መካከል የጥንቶቹ ክርስቲያኖች ዘር ይገኝ እንደሆነ እያሉ በሩን ይመለከቱ ነበር፤ ብዙዎች ግን እንዲህ ያለው ሰው ካለቀ ቆይቷል ይሉአቸው ነበር።

ከተባረከ አንድ ወር አልሞላም። ማርች 17 ቀን 1865፣ ዓርብ፤ በእኛ አገር አፄ ቴዎድሮስ ዘውድ ከጫኑ ዐሥር ዓመት በሆናቸው ጊዜ ማለት ነው። እኩለ ቀን አለፍ እንዳለ ከዐሥራ ሁለት እስከ ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆች መጥተው በተዘጋው ደጃፍ ቆሙ። ልብሳቸው የገበሬ ልብስ ነው፤ አቋቋማቸው ግን ሊያይ የመጣ ሰው አቋቋም አልመሰለም። አባ ፕቲዣን ከውስጥ አይተው በሩን ከፈቱ፤ ወደ መሠዊያው ሄዱ፤ ሰዎቹም ተከተሉአቸው። እርሳቸው ተንበረከኩና ይጸልዩ ጀመር፤ አንዲት የአባታችን ሆይ ጸሎት ያህል ጊዜ እንኳ ሳይሞላ፣ በዕድሜ በሰል ያሉ ሦስት ሴቶች አጠገባቸው መጥተው ተንበረከኩ። ከሦስቱ አንዷ፣ ኢዛቤሊና ዩሪ ሱጊሞቶ የሚባሉት፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ግድግዳው እንዳይሰማ የፈሩ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እዚህ ያለነው ሁላችን ልባችን ከእርስዎ ልብ ጋር አንድ ነው አሉአቸው።

ካህኑ ደንግጠው ከየት እንደመጡ ጠየቁ። ከኡራካሚ ነን፤ በኡራካሚ ሰው ሁሉ ለማለት ይቻላል ልቡ እንደ እኛ ነው አሉ። ከዚያም ወዲያው ሴትዮዋ የሳንታ ማሪያ ምስል የት አለ ብለው ጠየቁ። ልብ በሉልኝ፤ ስለ መጽሐፍ አልጠየቁም፤ ስለ ንጉሥም አልጠየቁም፤ ስለ እናት ነው የጠየቁት። አባ ፕቲዣን ስሟን ሲሰሙ ጥርጣሬያቸው ሁሉ ተገፈፈ፤ ተነሥተው ወደ ቀኙ መንበር መሩአቸው፤ ሁሉም ዙሪያውን ከበው ተንበረከኩ፤ እውነትም ሳንታ ማሪያ ናት፣ ልጇን ኢየሱስን በክንዷ ታቅፋለች ተባባሉ። ቅድመ አያቶቻቸው እንኳ እንዲህ ያለውን ምስል በአደባባይ አቁመው አላዩም፤ እነርሱ ግን በወሬ የተቀበሉትን መልክ ባዩት ጊዜ አወቁት።

ጥያቄው በዚህ አላበቃም። የጌታችንን ልደት በውርጭ ወራት በሃያ አምስተኛው ቀን እናከብራለን አሉ፤ አሁን ደግሞ የሐዘኑ ወራት ላይ ነን፣ እናንተም ትጠብቁታላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ጾሙን ማለታቸው ነው። አባ ፕቲዣንም አዎ፣ ዛሬ ዐሥራ ሰባተኛው ቀን ነው አሉአቸው። ያ የባስቲያን ቀን መቁጠሪያ፣ ከመንደር ጠባቂ ወደ መንደር ጠባቂ እየተላለፈ፣ ሁለት መቶ ዓመት የተሻገረው ቆጠራ፣ ከሮማ ጋር ገጥሞ ተገኘ! ጾም እየቆጠረ ያደገ አንባቢ የዚያች ሰዓት ደስታ እንደሚገባው አምናለሁ።

ወሬው ከደሴት ደሴት ዞረ፤ በሌሊት በጀልባ እየቀዘፉ የሚመጡ በዙ። የአንዲት ደሴት አጥማቂ መጥቶ መጀመሪያ ስለ ሮማ ታላቅ አባት ጠየቀ፤ ቀጥሎም ካህናቱ ሚስትና ልጅ እንዳላቸው ጠየቀ፤ እንደሌላቸው ሲሰማ እስከ መሬት ጎንበስ ብሎ አመሰገነ፤ አባቶቹ ያስተማሩት መለያ ምልክት ይህ ነበርና። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛ ነገሩን ሲሰሙ የምሥራቅ ተአምር አሉት።

ደስታው ግን ዋጋ ነበረው። የኡራካሚ ሰዎች ከዚያ በኋላ መደበቅ ከበዳቸው፤ ሙታናቸውን የቡድሃ መነኩሴ አይቀብራቸውም ብለው እንቢ አሉ። በ1867 ክረምት በአንዲት ዝናባማ ሌሊት ወታደር መንደሩን ከበበና 68 ሰዎች ታሰሩ። በግርፋቱ ብዙዎቹ ትተናል አሉ፤ ዶሚንጎ ታካጊ ሴንኤሞን ግን አልበገርም አሉ፤ የተመለሱትም በእርሳቸው ጽናት አፍረው ወደ እምነታቸው ተመለሱ። በማግሥቱ ዓመት የቶኩጋዋ ቤት ወድቆ የሜይጂ መንግሥት ቢተካም ዐዋጁ አልተነሣም። ከ3,300 የሚበልጡ የኡራካሚ ሰዎች፣ አንድ መንደር ሙሉ፣ ወደ ሃያ ያህል ግዛቶች ተበተኑ። ሽማግሌው በልጁ ጀርባ፣ ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ሆኖ በመርከብና በእግር ተነዱ። ዘሮቻቸው ያን ዘመን እስከ ዛሬ ጉዞ ብለው ነው የሚጠሩት።

በጹዋኖ ተራራማ ከተማ የደረሱት መከራቸው የከፋ ነበር። ሴንኤሞንን በብርዱ ወራት በኩሬ ላይ የረጋውን በረዶ ሰብረው ውስጡ ነከሩአቸው። ያሱታሮ የሚባለውን ወጣት መቆምም መተኛትም በማይቻልባት ጠባብ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ዘግተው በበረዶ ላይ አኖሩት። ጓደኛው በሌሊት ተደብቆ ቢጠይቀው፣ እኔ ብቻዬን አይደለሁም፣ ሰማያዊ የለበሰች እመቤት በየሌሊቱ እየመጣች ታጽናናኛለች አለው ይባላል፤ በዚያው ሳጥን ውስጥ ዐረፈ። ከተሰደዱት ከ600 በላይ በየሄዱበት ሞቱ። የጃፓን መልእክተኞች በአውሮጳና በአሜሪካ በሄዱበት ሁሉ ስለዚህ ጭካኔ ሲወቀሱ መንግሥቱ ተጨነቀ፤ በፌብሩዋሪ 1873 የክልከላውን ሰሌዳ ከየአደባባዩ አነሣ። የተረፉት ወደ ኡራካሚ ተመለሱ፤ ቤታቸው ፈርሶ፣ እርሻቸው ዳዋ ለብሶ ጠበቃቸው።

በማግሥቱ ዓመት ወረርሽኝ ገባ። ያን ጊዜ ከኦውራ አባ ማርክ ዴ ሮ የሚባሉ ፈረንሳዊ መድኃኒት ተሸክመው መጡ፤ ከስደት የተመለሰችው ኢዋናጋ ማኪም ጓደኞቿን ይዛ ሕሙማኑን አስታመመች፤ ወላጅ ያጡትን ልጆች ሰብስባ ማሳደጊያ መሠረተች። የአባ ዴ ሮ እጅ የማያውቀው ሥራ አልነበረም፤ ግንበኛ ናቸው፣ አታሚ ናቸው፣ ሐኪም ናቸው፣ ዱቄት አስፈጭተው ለድኾች ፓስታ ያስተማሩ ናቸው። ከኦውራ ጎን ያለውን የካህናት ትምህርት ቤት በ1875 የነደፉት እርሳቸው ናቸው። በዚያው ዘመን ዐሥር ትልልቅ የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች አስቀርጸው አሳተሙ፤ ቀለሙም በእጅ ተቀባ። የቅዱሳን ሥዕሎች አሉባቸው፤ የጻድቅ ሞትና የኃጥእ ሞት፣ ገሃነም፣ የመጨረሻው ፍርድም አሉ። ማንበብ ለማይችለው የደሴት ሰው እንዲያስተምሩ የተሠሩ ናቸው፤ የሟቹ ቤት የጃፓን ቤት ነው፤ አስታማሚዎቹም የጃፓን ልብስ ለብሰዋል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ያደገ የእኛ አገር ሰው ይህን ሥራ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። አባ ዴ ሮ በ1914 በኦውራ የጳጳሱን ቤት ሲያሠሩ ከመወጣጫ ወድቀው ታመሙና ዐረፉ፤ በጃፓን 46 ዓመት ኖረዋል፤ አንድ ጊዜም ወደ አገራቸው አልተመለሱም።

ምእመኑ እየበዛ ሲሄድ ኦውራ ጠበበ። ከ1875 እስከ 1879 ባለው ጊዜ ተስፋፋ፤ ግድግዳው በጡብ ሆነ፤ ማማዎቹም በአንድ ማማ ተተኩ፤ የኮያማ ሥራ ግን በመካከሉ ተጠብቆ ቀረ። ከመሠዊያው ኋላ ባለው መስኮት ላይ በፈረንሳይ በሌ ማን ከተማ ካለው የቀርሜሎስ ገዳም የተበረከተ ባለ ቀለም መስታወት አለ፤ ስቅለቱን ነው የሚያሳየው፤ እመቤታችንና ዮሐንስ ከመስቀሉ ግርጌ ቆመዋል።

የኡራካሚ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር አደረጉ። በ1880 በየዓመቱ ፉሚኤ ይረግጡበት የነበረውን የመንደሩን ሹም ግቢ ገዙ፤ በዚያው ላይ በ1895 ትልቅ ካቴድራል ጀመሩ፤ ድኾች ስለነበሩ ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቶ በ1914 ተመረቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቃል። ኦገስት 9 ቀን 1945፣ ከረፋዱ በ5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ፣ አቶሚክ ቦምብ ከካቴድራሉ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሰማይ ላይ ፈነዳ። ከ12,000 የኡራካሚ ምእመናን 8,500 ያህሉ አለቁ፤ ለኑዛዜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበሩት ከካህናቱ ጋር ተቀበሩ። ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በስደት ያልጠፋ ሕዝብ በአንድ ቀን ይህን ያህል ማለቁን ሳስብ ቃል ያጥረኛል። ኦውራ ግን ሩቅ ነበርና፣ ኮረብታም ስለከለለው፣ ጣራው ተጎድቶ፣ ያ የስቅለት መስታወትም ተሰባብሮ፣ ሳይቃጠል ተረፈ። እስከ 1952 ተጠገነ፤ መስታወቱም እንደገና ተሠራ። በ1953 የጃፓን መንግሥት ብሔራዊ ሀብት ብሎ ዳግመኛ መዘገበው፤ በ2018 ከስውር ክርስቲያኖቹ መንደሮች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ። አሳዳጁ መንግሥት የነበረበት አገር የተሰዳጆቹን ቤት ሀብቴ አለ፤ ደግ አደረገ።

ሁሉም ስውር ክርስቲያን ወደ ካህናቱ እንዳልተመለሰ ሳልናገር ባልፍ ግን እበድላለሁ። አባቶቻችን ያወረሱን እንዲህ ነው ብለው፣ ጸሎታቸውንና ሥርዓታቸውን ይዘው በየደሴታቸው የቀሩ ነበሩ፤ ዛሬ ጥቂት ናቸው፤ ወጣቱ ወደ ከተማ ሄዷል። እነርሱም ከዚያው ግንድ ናቸው፤ ማንም እንደ ጠፉ አድርጎ እንዳይቈጥራቸው።

አባ ፕቲዣን ጳጳስ ሆነው፣ የመንጋቸውን መሰደድና መመለስ አይተው፣ በ1884 በናጋሳኪ ዐረፉ፤ በኦውራ ውስጥ በመሠዊያው ፊት ተቀብረዋል። ያችም የእመቤታችን ምስል በቀኙ መንበር ላይ አለች፤ ማርች 17 በጃፓን ካቶሊኮች ዘንድ በዓሏ ነው። ከእናንተ መካከል እግሩ ወደዚያ የሚጥለው ቢኖር፣ መጀመሪያ ኒሺዛካ ወጥቶ የ26ቱን ሥፍራ ይሳለም፤ ከዚያ ወደ ኦውራ ይውረድ፤ ኡራካሚንም ሳያይ እንዳይመለስ። ሦስቱም በአንዲት ከተማ ውስጥ ናቸው፤ በትራም በአንድ ቀን ይደረሳሉ።